የእማማ ኤልሲ ጉድጓድ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ድራይቭ አድርጋ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ወሰደችኝ። የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ፤ ጉልበቴ ካስቸገረኝ ወዲህ ራሴ መንዳት ትቻለሁ። እሷ ፓርኪንግ ፍለጋ ስትዞር እኔ ጥግ ላይ ካለችው ሱቅ ገባሁ። በሩን እንደገፋሁ የእርጥብ በሶብላ ሽታ ፊቴን መታኝ። ደረቁ አይደለም፤ ደረቁማ የትም አለ። ገና ውሃው ከቅጠሉ ያልጠፋ፣ በላስቲክ የታሰረ እርጥብ በሶብላ ባልዲ ውስጥ ተደርድሮ ቆሟል። ሻጯ ሃያ ዓመት የሞላት አትመስልም። በዲቪ ከመጣች መንፈቅ እንደሆናት ነገረችኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ፍሬሽ ነው። ዛሬ ጠዋት ነው የገባው።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከበረሃ ነው አሉ። ከተራራው ጀርባ ፋርም ያላቸው የሆኑ ሰዎች አሉ።» ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በረሃ ላይ እንዴት እንደሚበቅል ግን እንጃ» አለች።

ሳቄ አመለጠኝ። «የሆኑ ሰዎች» የተባልነው እኔና ባሌ ታደሰ ነን። ደጃፌ ላይ ዘወትር የማሸተው ነገር ነው፤ አፍንጫዬ ከለመደው ስንት ዘመኑ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ሲመጣብኝ ግን እንደ አዲስ ሆነብኝና ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ ደነገጠች። «እትዬ፣ ደህና ነዎት? ውሃ ልስጥዎት?» አለችኝ። ውሃ ስትል ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ።

ያኔ፣ እኛ ከድሬዳዋ በመጣንበት ዘመን፣ ፌርፋክስ እንዲህ አልነበረም። ከኦሎምፒክ ጎዳና እስከ ፒኮ ጎዳና ባለው መንገድ አብዛኛው የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ነበር። እግሩ የተሰበረ ሶፋ፣ ዝገት የበላው መብራት፣ የማናውቃቸው ሰዎች የሰርግ ፎቶ ከነፍሬሙ በር ላይ ተደርድሮ ይሸጣል። የእኛ ሰው ምግብ ቤት ሁለት ይሁን ሦስት፤ አንደኛው አራት ጠረጴዛ ብቻ ስለነበረው ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዉ ሳህኑን እጁ ላይ ይዞ ቆሞ ይበላል። መንገድ ላይ ፓርክ ለማድረግ ሃያ አምስት ሳንቲም ከጣልክ ምሳህን በልተህ፣ ወሬህን ጨርሰህ ትወጣለህ። ሴቶቹ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለበት ሸሚዝ እንለብሳለን፤ ፀጉራችንን በቅባት ከማራሳችን የተነሳ ስንቱን ትራስ አበላሽተናል። ወንዶቹ ደግሞ ቀጭን ክራቫት ካላሰሩ ከቤት አይወጡም። ካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ይዞራል፤ አሥረኛው ሰው ጋ ሲደርስ ዘፋኙ ብርቱ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ግን ማን ግድ ሰጥቶት! እንጨፍርበት ነበር።

ታደሰ ዌስትውድ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር። ቀይ ጃኬቱን ለብሶ የሰው መኪና ሲያስገባና ሲያወጣ ይውላል። ድሬዳዋ እያለን የባቡር ጋራዥ መካኒክ ነበር፤ ብረት ነክቶ የት እንደሚያመው የሚያውቅ ሰው። እኔ ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ። በቀን አሥራ አራት ክፍል ነበር የማጸዳው፤ ባሕሩን በአሥራ አራት መስኮት አያለሁ፣ እግሬን ያስነካሁት ግን በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። ቤታችን ከፌርፋክስ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ነበረች፤ አልጋው ከተዘረጋ በሩ አይከፈትም፣ በሩ ከተከፈተ አልጋው አይዘረጋም።

አንድ እሁድ ታደሰ ጋዜጣ አጥፎ ይዞ መጣ። «ፅጌ፣ መሬት!» አለኝ።

«የት ያለ መሬት?»

«ከተራራው ጀርባ። አምስት ኤከር። ከአንድ አሮጌ ታክሲ ዋጋ ያነሰ!»

ሄደን አየነው። ሁለት ሰዓት ያህል ነድተን ተራራውን ስንሻገር ዛፉ አለቀ፣ ቤቱ አለቀ፣ ሬዲዮኑም መንጫጫት ጀመረ። አሸዋ ነው። እዚህም እዚያም ጆሹዋ የሚሉት፣ ክንዱን ወደ ሰማይ የዘረጋ፣ የእኛን ቁልቋል የሚመስል ዛፍ ቆሟል። ታደሰ ከመኪናው ወርዶ አሸዋውን በጫማው ገፋ ገፋ አደረገና፣ «ይቺ ድሬ ናት በይኝ እንጂ!» አለኝ፤ ዓይኑ ሁሉ ይስቃል።

«ድሬማ ሰው አላት፣ ባቡር አላት፣ ጥላ አላት» አልኩት።

ተናድጄ ነበር። ግን ከዚያች በሩና አልጋው ከሚጣሉባት ክፍል መውጣት እኔም እፈልግ ነበር። ታደሰ ደግሞ ከመጣን ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ገዛነው። ፌርፋክስ ወሬው ሲሰማ ሰው ሁሉ መሳቂያ አደረገን። «እነ ታደሰ በረሃ ገቡ!» አሉ፣ ልክ ጠመንጃ ይዞ እንደሸፈተ ሰው። «መቼ ነው ከተማውን የምትይዙት?» እያሉ ይቀልዱብናል።

አሮጌ ትሬይለር ቤት አስጎትተን መሬቱ መሐል አቆምን። ውሃ የለም። እኔ ሆቴሉን ለቅቄያለሁ፤ ታደሰ ግን ከዌስትውድ ሥራው ሲመለስ፣ መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ከተማ ሁለት በርሜል ሞልቶ በፒክአፕ ያመጣል። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ንፋሱ ነበር። በጎን አይመጣም፤ ፊት ለፊት ነው። በሩን ስከፍት አሸዋው እንደ እንግዳ ቀድሞኝ ይገባል። ሽሮው ውስጥ አሸዋ፣ አልጋው ውስጥ አሸዋ፣ ጥርሳችን መሐል አሸዋ። በሦስተኛው ሳምንት ንፋሱ አንዱን በርሜል ገልብጦ ውሃችንን ደፋው። ሁለታችንም እርጥቡን መሬት እያየን ቆመን ሳለን ነው አንዲት አሮጌ ፒክአፕ እየተንገጫገጨች መጥታ አጠገባችን የቆመችው።

ሰማንያን ያለፉ፣ ቀጭን፣ የወንድ ሱሪና የወንድ ባርኔጣ ያደረጉ ነጭ ሴትዮ ወረዱ። ሰላምታ እንኳ አልሰጡንም። «በራችሁን ወደ ምዕራብ ክፈቱ ብሎ የመከራችሁ ማን ነው?» አሉ።

«ማንም» አልኩ።

«ንፋሱ የሚመጣው ከዚያ ነው። አባቴም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር የሠራው። እናቴ ሦስት ወር አሸዋ ከበላች በኋላ ቤቱን በበቅሎ ጎትተው አዞሩት።»

የዚያኑ ዕለት ትሬይለሩን ከፒክአፓቸው ጋር በሰንሰለት አስረን አዞርነው። በሩ ምሥራቅ ሲያይ ንፋሱ ከኋላችን ቀረ፤ እኔም ከመጣን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸዋ የሌለበት እራት አቀረብኩ። ሴትዮዋ ኤልሲ ይባላሉ። ከእኛ መሬት ጋር ድንበር የሚጋሩ፣ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ብቸኛ ሰው ነበሩ። እኔ በእንግሊዝኛ ስማቸውን ብቻ መጥራት ነውር ሆነብኝና «እማማ ኤልሲ» አልኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ባርኔጣቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ግን «እማማ» ሳልል ብጠራቸው አይሰሙኝም ነበር።

ቤታቸው ስሄድ የዱሮውን ያወሩልኛል። መንግሥት ለሚቆይበት ሰው መሬት በነፃ በሚሰጥበት ዘመን፣ አባታቸው ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን በጋሪ ጭኖ ሁለት በቅሎ እየነዳ መጣ። ኤልሲ ያኔ ሰባት ዓመታቸው ነው። አባትየው ከጣውላ ሁለት ክፍል ሠራ። በጣውላው መሐል ንፋስ ሲገባ እናትየዋ ግድግዳውን በጋዜጣ ለጠፈችው። «ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ማንበብ የተማርኩት ከግድግዳ ነው» አሉኝ። እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ። ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ ነበር፤ እኔም ፊደል የለየሁት ተጋድሜ እሱን እያየሁ ነው። «ጣሪያው ሥር ያለውን ጽሑፍ ግን ጨርሼ አላነበብኩትም፤ አልደርስበትም ነበር» ስላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እኔም! እኔም አልደረስኩበትም!»

ያኔ ቤተሰቡ የሚበላው ጥንቸልና ባቄላ ነበር። ውሃ ሦስት ጊዜ ይሠራል፦ መጀመሪያ ፊት ይታጠቡበታል፣ ቀጥሎ ልብስ፣ በመጨረሻ እናትየዋ በራፍ ላይ የተከለቻትን አንዲት የኮክ ዛፍ ታጠጣበታለች፤ ዛፏ ባረጀች ቁጥር እማማ ኤልሲ ከፍሬዋ እየተኩ አቆይተዋታል። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ ብሎ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን እዚያ ኖረው እማማ ኤልሲ ጉድጓድ የላቸውም። ውሃቸውን በየአሥራ አምስት ቀኑ በትንሽ ቦቴ ያስመጣሉ። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃቸው ወሬ ቀየሩ።

እኛ በመጀመሪያው ጸደይ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ ዘራን። በበርሜል ውሃ አምስት ኤከር አይለማም፤ የበቀለውንም ፀሐይ በላው። ታደሰ ተስፋ አልቆረጠም። ያለችንን አሟጠን ጉድጓድ የሚቆፍር ባለማሽን አመጣን። ሰውዬው ሁለት ቀን ቆፈረ፤ የወጣው ደረቅ ድንጋይ ብቻ ነው። ማሽኑን ጠቅልሎ ሲሄድ ታደሰ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቀረ። እኔ ያኔ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

«ታደሰ፣ ወይ እኔ ወይ በረሃው» አልኩት። «ይህን ልጅ በበርሜል ውሃ አላጥበውም። ሳንታ ሞኒካ እመለሳለሁ፤ ሆቴሉ ይቀበለኛል።»

«እሺ» አለኝ። ብንጣላ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ እማማ ኤልሲን ልሰናበት ሄድኩ። ውሃ እንዳላገኘንና ልንሄድ መሆኑን ነገርኳቸው። እያዳመጡኝ ዓይናቸው ሆዴ ላይ ነበር። ተነስተው በመስኮቱ አሻግረው አሳዩኝ። ከድንበራችን ወደ እሳቸው በኩል ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ሁልጊዜ የማየው የድንጋይ ክምር አለ። የፈረሰ ቤት ይመስለኝ ነበር።

«እዚያ ሥር ጉድጓድ አለ። አባቴ በእጁ ቆፍሮ ውሃ ያገኘበት ነው» አሉ። «ታናሽ እህቴ ኖራ አራት ዓመቷ ነበር። ክዳኑን እኔ ነበርኩ መግጠም የነበረብኝ።»

ሌላውን ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ኖራን አውጥተው ከኮኳ ዛፍ ሥር ቀበሯት። እናትየዋ ጉድጓዱን በጣውላ አስመትታ ድንጋይ አስከመረችበት፤ «ከዚህ የሚጠጣ ኖራን ይጠጣት» ብላ አወገዘች። አባትየው ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ውሃ ከሩቅ አመላለሰ። ኤልሲም አደጉ፣ አገቡ፣ ባላቸውን ቀበሩ፤ ውሃ እየገዙ ከውሃው አጠገብ ኖሩ።

«እናቴ አሁን ብትኖር ትቆጣ ነበር?» አሉኝ። እንደ ሕፃን ነበር የጠየቁኝ።

«እማማ፣ እኔ የማውቀው የእኔን እናት ነው» አልኳቸው። «የእኔ እናት ለራሷ የከለከለችውንም ቢሆን ለነፍሰ ጡር አትከለክልም ነበር።»

ወደ ቤቴ ሄጄ ዕቃ መሸከፌን ቀጠልኩ። በነጋታው ጠዋት ግን የብረት ድምፅ ሰምተን ወጣን። እማማ ኤልሲ ዲጅኖ ይዘው ክምሩ ላይ ቆመዋል። ታደሰ ሮጦ ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ፣ «የመጀመሪያዋን እኔ ነኝ የማነሳት» ብለው ከለከሉት። ታገሉ፣ ታገሉና አንዲት ጥቁር ድንጋይ ከክምሩ ተንከባለለች። ከዚያ ዲጅኖውን ለታደሰ ሰጡትና አሸዋው ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ጣውላው እስኪታይ ድረስ እጄን ይዘው አልለቀቁኝም። ጣውላው ሲነሳ አማተብኩ። ታደሰ ጠጠር ጣለ። ቆየና ከታች እንደ ጭቃ ያለ ድምፅ መጣ።

ቆፋሪው ተመልሶ ይምጣ ሲባል የቀረን ነገር የእናቴ የአንገት ሀብል ብቻ ነበር። ከትናንት ወዲያ «ወይ እኔ ወይ በረሃው» ያልኩት እኔው ራሴ ወስጄ ሸጥኩት። አሮጌው ጉድጓድ በጭቃ ስለተሞላ ቆፋሪው ከእሱ ጥቂት እርምጃ ፈንጠር ብሎ ቆፈረ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በፊት መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ ድፍርስ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ ወጣ። ታደሰ በእፍኙ ቀመሰና «ጨው የለውም! ፅጌ፣ ጨው የለውም!» እያለ ከነጫማው ገባበት።

እማማ ኤልሲ ራቅ ብለው ቆመዋል። «ቀዝቃዛ ነው?» አሉኝ።

«ቀዝቃዛ ነው እማማ።»

በኩባያ ሞልቼ ሰጠኋቸው። አልጠጡም። ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ ኮኳ ዛፍ ድረስ ሄዱና ከሥሯ ቀስ አድርገው አፈሰሱት። ተመልሰው ባዶውን ኩባያ ዘረጉልኝ። ሁለተኛውን ጠጡት። አሮጌውን ጉድጓድ ታደሰ በብረትና በሲሚንቶ ለዘለዓለሙ ዘጋው፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ እሳቸው በሚስማር «ኖራ» ብለው ጻፉበት።

በብርዱ ወራት የወለድኳትን ልጅ ምን እንበላት ስንል ታደሰ መጀመሪያ አንገራገረ። «ኖራ? የግድግዳ ቀለም?» አለ። «አይደለም» አልኩት፣ «ኖራ፣ ኖራ፣ ኖራ የምትሞት፤ የዚያችን በአራት ዓመቷ የቀረች ሕፃን ዕድሜ ጨምራ።» አሁን አርባ ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት። ቶራንስ ከተማ ቢሮ ውስጥ ጥሩ ሥራ ነበራት፤ ትታ መጥታ እርሻውን የያዘችው እሷ ናት፤ በሶብላውን በየሳምንቱ በሠራተኛ ወደ ፌርፋክስ የምትልከውም እሷ። ቅዳሜ ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ማሚ፣ አለቀስሽ እንዴ? ዶክተሩ ምን አለሽ?» አለችኝ።

«ዓይንሽ ደህና ነው አለኝ።»

«ሶ ለምንድነው የምታለቅሺው?»

«በሶብላው ነው» አልኳት፤ እሷ ደግሞ አለርጂ መሰላት።

እማማ ኤልሲ ውሃው ከወጣ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። ለትንሿ ኖራ ፊደል ሊያስተምሩ ብለው የክፍሏን ግድግዳ በጋዜጣ ለጠፉት፤ ታደሰ ደግሞ ጣሪያው ሥር ያለውን እንድታነብ መሰላል ሠራላት። ሲያርፉ በኑዛዜያቸው መሠረት ከኮኳ ሥር፣ ከእህታቸው አጠገብ ቀበርናቸው። የእኛን ቀሳውስት ከሎስ አንጀለስ አመጣሁ፤ ሃይማኖታቸው ሌላ ነው ያለኝ ሰው ነበር፣ አልሰማሁትም። መሬታቸውን ለኛ ትተውልናል። እሳቸውን ሳስብ ግን የሚመጣብኝ የቀብራቸው ቀን አይደለም። የሚመጣብኝ የመጀመሪያውን ምርት ወደ ፌርፋክስ የወሰድንበት ቀን ነው።

ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ በሶብላው ፒክአፑ ላይ ተጭኗል። እማማ ኤልሲ ከተማ ካዩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ «እኔም እሄዳለሁ» ብለው ከመሐላችን ገቡ፣ ሕፃኗን አቀፉ። አራት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ስንደርስ ባለቤቷ እትዬ አበራሽ ቃሪያውን ሰብራ አሸተተችና እልል አለች። በረሃ ገቡ ብለው ሲስቁብን የነበሩት ሁሉ ወጥተው ፒክአፑን ከበቡት። አንዱ ጎመን ይዳስሳል፣ አንዱ ታደሰን ያቅፋል፣ አንዱ «ባለ ባርኔጣዋ ሴትዮ ማን ናቸው?» ይላል። «አማቴ ናቸው» አለ ታደሰ፣ ፊቱ ሳይፈታ።

ለእማማ ኤልሲ ሰው ተነስቶ ወንበር ለቀቀላቸው። ምግቡ ከመቅረቡ በፊት አስተናጋጇ ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። እጃቸውን እንዲዘረጉ አሳየኋቸው። ልጅቷ ለብ ያለውን ውሃ ማፍሰስ ስትጀምር እማማ ኤልሲ እንደተቃጠለ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይበቃል፣ ይበቃል!» አሉ። ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ። እሳቸው ማስታጠቢያው ውስጥ የወረደውን ውሃ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ ነጭ ፀጉራቸውን ያኔ ነው መጀመሪያ ያየሁት። እጃቸውን መልሰው ዘረጉ።

«አፍስሺ» አሏት፤ «አፍስሺ ልጄ፣ ዛሬ ይፍሰስ።»

ልጅቷ ገና መምጣቷ ስለነበር እንግሊዝኛ ባትሰማም ገባት። እማማ ኤልሲ እጃቸውን እያገላበጡ ማንቆርቆሪያው ባዶ እስኪሆን ታጠቡ።